ከ8 ጊጋባይት ወደ 16፦ ለመካከለኛ በጀት ኮምፒውተራችን የመረጥነው ግራፊክስ ካርድ

በኮምፒውተር ጨዋታዬ ውስጥ ፈረሱ ድልድዩን አጋምሶ ወደ ከተማው በር ሲቃረብ ምስሉ ቀጥ ይላል። የቆይታው ርዝመት ከሰከንድ ሩብ አይበልጥም፤ ከዚያ ይቀጥላል። በሩን አልፌ ወደ ገበያው ስታጠፍ እንደገና ቀጥ ይላል። በማያው ጥግ የሚታየው ቁጥር ግን በሰከንድ 70 ፍሬም (ተከታታይ ምስል) ይላል፤ ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው ብሎ ይምላል። ባለ 8 ጊጋባይት ሚሞሪ ግራፊክስ ካርድ (የጨዋታውን ምስል የሚስለውን ክፍል) ገዝተን ከገጠምን በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ያሳለፍኩት እንዲህ ነው። ካርዱን መልሰን ሌላ ወሰድን። አሁን የምገመግመው ይህን ሁለተኛውን፣ የኤኤምዲን ራዲዮን አርኤክስ 9060 ኤክስቲ ባለ 16 ጊጋባይቱን ነው። ሰባት ወር በየቀኑ ሠርቶልናል። ነገር ግን የመጀመሪያው ለምን እንዳልሆነ ሳልናገር ሁለተኛው ለምን እንደሆነ ማስረዳት አልችልም።

ኮምፒውተሩን የምጋራው ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው። እሱ ከጓደኞቹ ጋር በቡድን የሚጫወታቸውን ፈጣን የተኩስ ጨዋታዎች ይወዳል። እኔ ሰፊ ዓለምና ረዥም ታሪክ ያላቸውን፣ ቆም ብዬ ተራራውንና ውሃውን የማይባቸውን እመርጣለሁ። ከአሮጌው ኮምፒውተር ማዘርቦርዱን፣ ባለ ስድስት ኮሩን ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰርና ባለ 550 ዋቱን ፓወር ሰፕላይ አስቀርተን ገንዘባችንን በሞኒተር፣ በተጨማሪ ራምና በግራፊክስ ካርድ ላይ አዋልነው። ከያዝነው ውስጥ ከግማሽ በላይ የሄደው ለካርዱ ነው። ሁሉንም ከባዶ የሚገነባ ሰው ግን ይህን ያህል ባይመድብ ይሻላል፤ ከጠቅላላው በጀት ከሲሶ እስከ አርባ በመቶ ያለው ልክ ይመስለኛል። ከዚያ ካለፈ ቁጠባው ፓወር ሰፕላዩ ላይ ያርፋል፤ በእሱ የሚቆጥብ ሰው ደግሞ የቀሩትን ዕቃዎች ሁሉ ለአደጋ ያጋልጣል።

የመጀመሪያው ስህተታችን ከካርዱ መጀመራችን ነበር። መጀመር የነበረብን ከሞኒተሩ ነው። 1920 በ1080 የሆነ ማያ 2,073,600 ፒክስሎች አሉት፤ 2560 በ1440 የሆነው ደግሞ 3,686,400። ልዩነቱ 78 በመቶ ገደማ ነው። ካርዱ በእያንዳንዱ ፍሬም ይህን ያህል ተጨማሪ ነጥብ ማቅለም አለበት ማለት ነው። ስለዚህ “ይህ ካርድ ጥሩ ነው ወይ?” የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም፤ ለየትኛው ማያ የሚለው አብሮ መነሳት አለበት። እኛ ብዙ ተከራክረን 1440 በ144 ሄርዝ የሆነ፣ የማደስ ፍጥነቱን ከካርዱ ጋር የሚያስማማ ሞኒተር ወሰድን። ይህ የማስማማት ዘዴ፣ ፍሪሲንክም ይባል ጂሲንክ፣ አቅሙ መካከለኛ ለሆነ ኮምፒውተር ትልቅ በረከት ነው። ካርዱ 90 ፍሬም ሲያወጣ ማያው 90 ጊዜ ይታደሳል፤ 75 ሲያወጣ 75 ጊዜ። ምስሉ ከመሃል አይቀደድም፤ ትንንሽ መውረዶችም ለዓይን አይታወቁም። ይህ ከሌለው ሞኒተር ጋር የተጣመረ ውድ ካርድ ይህ ካለው ጋር ከተጣመረ መካከለኛ ካርድ የባሰ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

አሁን ወደ ድልድዩ ልመለስ። አማካይ ቁጥር እንዴት እንደሚያታልል ለማየት ቀላል ሒሳብ ይበቃል። አንድ ሰከንድ 1000 ሚሊሰከንድ ነው። 89 ፍሬሞች እያንዳንዳቸው በ10 ሚሊሰከንድ ቢወጡና አንዱ ብቻ 110 ቢፈጅ፣ በዚያ ሰከንድ 90 ፍሬም ወጥቷል። ቁጥሩ ያምራል። ዓይን የሚይዘው ግን ያንን 110 ነው፤ መቆጣጠሪያውን የያዘ እጅም ይሰማዋል። ይህን ከተረዳሁ በኋላ ማንኛውንም የካርድ ሙከራ ሳነብ አማካዩን አልፌ “ዝቅተኛው 1 በመቶ” የሚባለውን መፈለግ ጀመርኩ፤ ከሁሉ የዘገዩት ፍሬሞች ምን ያህል እንደዘገዩ የሚነግረውን። የፍሬም ጊዜን የሚመዘግብ ነፃ ፕሮግራም ጭነን የራሳችንን ስንለካ አማካዩ 70 እያለ ዝቅተኛው 1 በመቶ ከ20 በታች ነበር። በሁለቱ መካከል እንዲህ ያለ ገደል ሲኖር ካርዱ ጉልበት አላነሰውም። የሆነ ነገር ቦታ አጥቷል።

ቦታ ያጣው ቴክስቸር ነበር፦ የግድግዳው ድንጋይ፣ የልብሱ ሽመና፣ የዛፉ ቅርፊት። እነዚህ ምስሎች በካርዱ በራሱ ሚሞሪ ውስጥ ተዘጋጅተው መቀመጥ አለባቸው። ጨዋታው እኔ በመረጥኩት ደረጃ 10 ጊጋባይት ገደማ ይጠይቃል፤ ካርዱ ያለው 8 ነው። የተረፈው ወደ ኮምፒውተሩ ራም ይገፋና ሲፈለግ በማዘርቦርዱ መስመር በኩል ይመጣል። ችግሩ ያለው እዚህ መስመር ላይ ነው። ማዘርቦርዳችን ካርዱን የሚያገናኝበት መንገድ አሮጌው ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 ነው። ካርዱ ደግሞ ረዥሙን ማስገቢያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢሞላም በውስጡ የተገናኘው በ8 መስመሮች ብቻ ነበር። በዚህ ደረጃ ያሉ ብዙ ካርዶች እንዲህ ናቸው፤ የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4060 እና 5060፣ የኤኤምዲም አርኤክስ 7600 ባለ 8 መስመር ናቸው። በአዲስ ማዘርቦርድ ላይ ይህ ብዙም አይጎዳም። በ3.0 ላይ ግን 8 መስመር የሚያሳልፈው በሰከንድ 8 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ በካርዱ ላይ ያለው ሚሞሪ ደግሞ በሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር ጊጋባይት ያቀርባል። አንዱ ከራስጌ መጽሐፍ ማንሳት ነው፣ ሌላው መጽሐፉን ፍለጋ ሌላ ሠፈር ድረስ መሄድ። ፈረሴ በከተማው በር ላይ የሚቆመው ከተማው ከሌላ ሠፈር እየመጣ ስለነበር ነው።

ወንድሜ ቴክስቸሩን ከከፍተኛ ወደ መካከለኛ ዝቅ አደረገልኝ። መቆራረጡ ጠፋ፤ የግንቡ ድንጋይ ግን ጭቃ መሰለ። “እህቴ፣ ይኸው አሁን ተስተካከለ” አለኝ። አልተስተካከለም። በአንድ ጨዋታ ውስጥ ካሉት ማስተካከያዎች ሁሉ ቴክስቸር የተለየ ጠባይ አለው። ጥላ፣ ነጸብራቅና ጭጋግ የካርዱን ጉልበት ይበላሉ፤ ቴክስቸር በዋናነት የሚበላው ቦታ ነው። ሚሞሪው ከበቃ ቴክስቸርን እስከ ላይ መስቀል ፍጥነቱን እምብዛም አይነካውም። በመካከለኛ ካርድ ላይ ያለ ብዙ ዋጋ የሚገኘው ትልቁ ውበት እሱ ነው፤ አዲስ በተገዛ ካርድ ላይ ያንን መተው ይቆጫል።

ስለዚህ ሁለተኛውን ስንመርጥ መስፈርቴ አንድ ነበር፤ ከ12 ጊጋባይት በታች የሆነውን ሁሉ ከዝርዝሩ አውጥቼ ከዚያ በኋላ ስለ ፍጥነት መነጋገር። ይህ መስፈርት ከእኔ ፍላጎት ይልቅ ከካርዶቹ ታሪክ የመጣ ነው። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ኤንቪዲያ በ2021 ያወጣው አርቲኤክስ 3060 12 ጊጋባይት ነበረው፤ በ2023 የተከተለው አርቲኤክስ 4060 ወደ 8 ወረደ። 4060 በ115 ዋት ብቻ የሚሠራ፣ ቀዝቃዛና ቁጥብ ካርድ ነው፤ በ1080 ማያ ላይ ለሚጫወት፣ ጨዋታዎቹም ቀላል ለሆኑ ሰው ዛሬም አልነቅፈውም። ታላቅ ወንድሙ የሚችለውን ቴክስቸር አለመቻሉ ግን ያሳዝነኛል።

በዝርዝሩ ላይ የቀሩት አምስት ነበሩ። የኢንቴል አርክ ቢ580 በ2024 መጨረሻ የወጣ፣ 12 ጊጋባይትና 192 ቢት ሰፊ የሚሞሪ መስመር ያለው ነው፤ በወረቀት ላይ ለበጀታችን እጅግ የሚስማማ። ሆኖም ይህ ካርድ በደንብ ለመሥራት ሪሳይዘብል ባር የሚባለው የማዘርቦርድ ቅንብር እንዲከፈትለት የግድ ይፈልጋል፤ ከዚያም ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) በፕሮሰሰሩ ላይ የሚጥለው ሸክም ከባድ በመሆኑ እንደ እኛ ባለ መካከለኛ ፕሮሰሰር አቅሙን አሟጥጦ አለማውጣቱ በብዙ ሙከራዎች ተመዝግቧል። አዲስ ፕሮሰሰር ላለው ሰው መጀመሪያ የምጠቁመው እሱን ነበር። አርኤክስ 7600 ኤክስቲ 16 ጊጋባይት አለው፤ የስዕል ኃይሉ ግን ከተራው 7600 ብዙም አይርቅም፤ ትልቅ ጎተራ ላይ የተቀመጠ ትንሽ ወፍጮ ነው። ያገለገለ አርኤክስ 6700 ኤክስቲም አይተናል፤ 12 ጊጋባይት፣ ሙሉ 16 መስመር፣ 230 ዋት። ጥሩ ካርድ ነው። ነገር ግን በ2021 እና በ2022 ከተሸጡት ካርዶች ብዙዎቹ ቀን ከሌሊት ዲጂታል ገንዘብ ሲቆፍሩ ነበር፤ ኢቴሬም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በ2022 አሠራሩን ሲቀይር በጅምላ ወደ ገበያ ተጣሉ። ያየነውን ካርድ ለሃያ ደቂቃ በሙሉ ጭነት ልፈትነው ብዬ ስጠይቅ ሻጩ ፈቃደኛ ስላልሆነ ተውነው። ያገለገለ ካርድ የምትገዙ ሁሉ ይህን ፈተና አትዝለሉ፤ ማራገቢያው ሲንኮሻኮሽም ሆነ የቺፑ አንድ ነጥብ ከቀረው ክፍል አለመጠን ሲግል የሚታየው ያኔ ነው።

የመጨረሻው ፉክክር በኤንቪዲያ አርቲኤክስ 5060 ቲአይ ባለ 16 ጊጋባይቱና በ9060 ኤክስቲ ባለ 16 ጊጋባይቱ መካከል ሆነ። ሁለቱም የ2025 ናቸው። የኤንቪዲያው ጂዲዲአር7 ሚሞሪ ይዞ በሰከንድ 448 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ የኤኤምዲው በጂዲዲአር6 320። እዚህ ላይ ኤንቪዲያ ይበልጣል። ነገር ግን 5060 ቲአይ 8 መስመር ሲኖረው 9060 ኤክስቲ ሙሉ 16 መስመር አለው፤ በእኛ ዓይነቱ አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት መንገድ እጥፍ ይሰፋል ማለት ነው። በዚያ ላይ እኛ ስንገዛ ርካሹ የኤኤምዲው ነበር። እነዚህ ሁለት ነገሮች ወሰኑልን።

በግዢው ቀን ልብ በሉ የምለው አንድ ነገር አለ። ሁለቱም ካርዶች በዚያው ስም ባለ 8 ጊጋባይት ሆነውም ይሸጣሉ። ሳጥኑ ያው፣ ቁጥሩ ያው፣ ሥዕሉ ያው ነው፤ የሚለየው በጥግ ላይ የተጻፈው የሚሞሪ መጠን ብቻ ነው። ለእኛም በመጀመሪያ የቀረበልን ሳጥን የ8 ነበር፤ ወንድሜ ገልብጦ ባያነብ ኖሮ ከተነሳንበት ቦታ እንመለስ ነበር። ይህ ልማድ አዲስ አይደለም። አርቲኤክስ 3060 ራሱ በኋላ በ8 ጊጋባይትና በጠባብ 128 ቢት መስመር በዚያው ስም ወጥቶ ነበር። ሁለት የተለያዩ ዕቃዎችን በአንድ ስም መሸጥ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም፤ ገዢው የሚያነበው ስሙን ነውና።

ካርዱ እንዴት ሆነ? ፈረሴ ድልድዩን ተሻግሮ በሩን አለፈ፤ አልቆመም። ያንን መንገድ በመጀመሪያው ምሽት አራት ጊዜ ተመላለስኩበት። ቴክስቸሩ ከፍተኛ ላይ ሆኖ የሚሞሪ ፍጆታው 10 እና 11 ጊጋባይት ይደርሳል፤ የፍሬም ጊዜ መስመሩ ግን ልክ እንደተዘረጋ ገመድ ነው። አማካዩ ከመጀመሪያው ካርድ ብዙም አልራቀም፤ 80 ገደማ ነው። ዝቅተኛው 1 በመቶ ግን ከ60 አልወረደም። ሁለቱን ካርዶች በአማካይ ብቻ ያወዳደረ ሰው ገንዘባችንን አባከናችሁ ሊለን ይችላል። አጠገቤ ተቀምጦ የተጫወተ ግን አይልም።

ምስልን በዝቅተኛ ጥራት ስሎ ማሳደግን በተመለከተ፣ የኤኤምዲ ኤፍኤስአር 4 ከቀድሞዎቹ እጅግ ይለያል። የቀደሙት በተራ ስሌት የሚሠሩ ስለነበሩ በቅጠልና በሽቦ አጥር ላይ የሚብለጨለጭ ርዝራዥ ይተዉ ነበር፤ ይህኛው እንደ ኤንቪዲያ ዲኤልኤስኤስ በሰለጠነ ሞዴል ይሠራል። በ1440 ማያ ላይ “ጥራት” የሚለውን ስመርጥ ካርዱ በትክክል የሚስለው 1707 በ960 ነው፤ ልዩነቱን የማየው ሆን ብዬ ስፈልግ ብቻ ነው። ድክመቱ ስፋቱ ላይ ነው። ዲኤልኤስኤስን የሚደግፉ ጨዋታዎች ብዛት ይበልጣል፤ ኤፍኤስአር 4 በሌለበት ወደ አሮጌው መመለስ ግድ ነው፤ ርዝራዡም አብሮ ይመለሳል። የምትወዷቸው ጨዋታዎች በየትኛው ወገን እንዳሉ ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ።

በሁለት እውነተኛ ፍሬሞች መካከል ሰው ሠራሽ ፍሬም የሚያስገባው ዘዴ በሁለቱም ኩባንያዎች ማስታወቂያ ላይ ትልቁን ቦታ ይይዛል። እኔ ለካርድ መምረጫ አላደርገውም። መሠረቱ 60 ገደማ ሲሆን እንቅስቃሴውን ያለሰልሳል። መሠረቱ 30 ሲሆን ግን ምስሉ ይፈጥናል እንጂ እጅ አይፈጥንም፤ ቁልፍ በተጫነበትና ገጸ ባሕርይው በተንቀሳቀሰበት ጊዜ መካከል ያለው መዘግየት እንዲያውም ይጨምራል። ራሱም ሚሞሪ ይፈልጋል፤ ባለ 8 ጊጋባይት ካርድን ለማዳን ሲከፈት የባሰ የሚያጣብበው በዚህ ምክንያት ነው። የብርሃን ጨረር ስሌቱን፣ ሬይ ትሬሲንግ የሚባለውን፣ 9060 ኤክስቲ ከቀደሙት የኤኤምዲ ካርዶች በተሻለ ይሸከማል፤ መካከለኛው ደረጃ ላይ እጠቀምበታለሁ። ጨርሶ የሌለው አሮጌ ካርድ መግዛት ግን ከእንግዲህ አይመከርም፤ ያለ እሱ የማይከፈቱ ጨዋታዎች መውጣት ጀምረዋል።

ለወንድሜ ጨዋታዎች የካርዱ መለወጥ ያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው፤ ይህን በሐቅ መናገር አለብኝ። እሱ ለፍጥነት ሲል ሁሉንም ነገር ዝቅ አድርጎ ስለሚጫወት ወሰኑን የሚያበጀው ፕሮሰሰሩ ነው። ለእሱ የጠቀመው ካርዱ ከመምጣቱ በፊት ያደረግነው ነገር ነው፦ በአንድ ማስገቢያ ላይ የነበረውን ብቸኛ ራም ጥንድ አደረግነው፤ በባዮስ (በማዘርቦርዱ የራሱ ቅንብር ገጽ) ውስጥም ራሙ በተሠራለት ፍጥነት እንዲሄድ ቅንብሩን ከፈትነው። የእሱን ዓይነት ጨዋታ ብቻ የሚጫወት ሰው ከካርዱ ዋጋ ቀንሶ ለፕሮሰሰሩ ቢጨምር ይሻለዋል። በሦስት ገጽታ ሥዕልና በቪዲዮ ዝግጅት የሚተዳደር ሰው ደግሞ ከእኔ ምርጫ ይልቅ 5060 ቲአይን ቢወስድ ትክክል ነው፤ ከዚህ ሥራ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ኩዳ በሚባለው የኤንቪዲያ የስሌት ሥርዓት ላይ ተደላድለው የተሠሩ ናቸው።

ስለ ኃይልና ስለ ሙቀት አጭር ነው። ካርዱ 160 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ በአንድ ባለ ስምንት ፒን ገመድ ይሠራል። ማስገቢያው 75 ዋት፣ ገመዱ 150 ዋት ስለሚችሉ ብዙ ትርፍ አለ፤ የ550 ዋት ፓወር ሰፕላያችንም አልተቸገረም። የወሰድነው ባለ ሁለት ማራገቢያውን ነው። ባለ ሦስቱ ያምር ነበር፤ ሜትር ይዤ የሳጥኑን ውስጥ ስለካ ግን ከፊት ያለውን ማራገቢያ ይገፋዋል። ቅሬታዬ አንድ ነው፦ በጨዋታ መግቢያ ገጾች ላይ፣ ፍሬሙ በመቶዎች ሲወጣ፣ ቀጭን የኤሌክትሪክ ፉጨት ይሰማል። ይህ ከቺፑ ሳይሆን ቦርዱን ከገጣጠመው ድርጅት የዕቃ ምርጫ የሚመጣ ነው፤ ስሙን አልጠቅስም። በድራይቨሩ ውስጥ የፍሬሙን ጣሪያ 140 ላይ ስወስነው ፉጨቱ ጠፋ፤ ካርዱም ጥቂት ዲግሪ ቀዘቀዘ።

የገዛችሁ ዕለት ሦስት ነገር አድርጉ። አሮጌውን ድራይቨር ሙሉ በሙሉ አጥፉ፣ በተለይ ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው ከተሻገራችሁ። የሞኒተሩን ገመድ ካርዱ ላይ ሰኩ፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ቀዳዳ ቅርጹ ተመሳሳይ ቢሆንም ካርዱን አይጠቀምም። ከዚያ የማያውን ቅንብር ገጽ ክፈቱ። እኛ ይህን ሦስተኛውን ስለዘለልነው ባለ 144 ሄርዙ ሞኒተር አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ በ60 ሲሠራ ቆየ። ያስተዋለው ወንድሜ ነው፤ የቀስቱን ምልክት በባዶ ማያ ላይ ወዲያ ወዲህ እያንቀሳቀሰ “ይህ 144 አይደለም” አለ፤ ቅንብሩን ከፍተን አየነው፣ እውነቱን ነበር።